«ይኼ ደግሞ ሥራ ነው?» የጋዜጣ ካርቱን መተዳደሪያ ይሆናል ወይ ላለች የጎንደር ልጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ማራኪ አካባቢ እኖራለሁ። ዕድሜዬ 23 ነው። ባለፈው ዓመት በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እሥላለሁ፤ አሁን አሁን ግን ሐሳቤ ሁሉ ፖለቲካ ነክ ካርቱን ላይ ሆኗል። አባቴ ሥዕሎቼን አይተው ‹ይኼ ደግሞ ሥራ ነው?› ይሉኛል። በጋዜጣ የፖለቲካ ካርቱን እየሠሩ መኖር ይቻላል? የሥዕል ትምህርት ቤት አለመግባቴስ ይጎዳኛል? አደጋውስ ምን ያህል ነው? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ከአባትሽ ጥያቄ ልጀምር፤ የእኔም አባት ይኼንኑ፣ ምናልባትም በዚሁ ድምፅ ጠይቀውኛልና። አዎ፣ ሥራ ነው። መተዳደሪያ መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርገሽ ከያዝሽ ወይ ሥራውን ትጠዪዋለሽ ወይ ትራቢያለሽ። ከሃያ ዓመት በላይ ለጋዜጦች ሥያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካርቱኒስት ተብዬ በወር ደመወዝ የተቀጠርኩት ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ የሚከፈለኝ በሥዕል ቁጥር ነበር፤ የአንድ ሥዕል ዋጋ ደግሞ የሳምንት ምሳ አይሸፍንም። የቤት ኪራዬን የከፈሉልኝ የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች፣ የወባ መከላከያ ፖስተሮች፣ የሱቅ ታፔላዎችና የሠርግ ጥሪ ካርዶች ናቸው። (አንድ ሙሽራ በጥሪ ካርዱ ላይ አፍንጫዬን አተለቅኸው ብሎ ቀሪውን ክፍያ ከልክሎኛል። አፍንጫው ትልቅ ነበር።) ስለዚህ የገንዘቡ መልስ አጭር ነው፦ በተማርሽው ሙያ ሥራ ያዢ፤ ካርቱኑንም ሰዓት መድበሽለት እንደ ሁለተኛ ሥራ ሥሪው። የሒሳብ ትምህርትሽ ደግሞ ከምትገምቺው በላይ ይጠቅምሻል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ። የጋዜጣ አንባቢ ለካርቱን ሦስት ሰከንድ ያህል ነው የሚሰጠው። ከዚያ በኋላ ገጹን ይገልጣል። ሙያው በሙሉ በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ይኼን የተማርኩት ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብዬ ነው። የምሠራው አዲስ አበባ ነበር፤ ጋዜጣው ከዚያ በአውቶቡስ ተጭኖ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ቅዳሜ የታተመው ጎንደር የሚደርሰው እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ነበር። ቤተሰብ ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር ፖስታ ቤቱን ከሚያይ በረንዳ ላይ ማኪያቶ አዝዤ አንባቢዎችን እመለከታለሁ። አንዱ ገጹን ገልብጦ የእኔ ሥዕል ላይ ሲደርስ በልቤ እቆጥራለሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ሳልል ፈገግ ካለ ወይም አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ከነካው ሥዕሉ ሠርቷል። ጋዜጣውን ወደ ዓይኑ ካስጠጋ ብዙ ነገር አጭቄበታለሁ። ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ እያነበበ ነው፤ ሥዕሉ ያልቻለውን ሸክም ለጽሑፍ አሸክሜዋለሁ ማለት ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ ሊስትሮ የደንበኛውን ጫማ እየቦረሸ ቀና አለ። ደንበኛው የውስጡን ገጽ ሲያነብ ሥዕሉ ያለበት የጀርባው ገጽ ወደ ልጁ ዞሯል፤ ጋዜጣው ስለታጠፈ ሥዕሉ ተዘቅዝቋል። ልጁ አንገቱን ጠመም አደረገና ብሩሹን እንደያዘ ሳቀ። ሰውየው «ምን ያስቅሃል?» ብሎ ጋዜጣውን ገልብጦ አየ። በዚያ ሥዕል ላይ አንድም ፊደል አልነበረም። ተዘቅዝቆ የሠራ ሥዕል ከዚያ ወዲህ የለኝም።

የዚህን ነገር ኃይል ከተሣለው ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ዊሊያም ትዊድ የኒውዮርክን ከተማ ካዝና ሲያራቁት የኖረ ፖለቲከኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ካርቱኒስቱ ቶማስ ናስት «ሃርፐርስ ዊክሊ» በተባለው መጽሔት ላይ ሳምንት በሳምንት ሲሥለው፣ «ጋዜጦቹ ስለሚጽፉት ግድ የለኝም፤ የመረጡኝ ሰዎች ማንበብ አይችሉም። እነዚያን ሥዕሎች ግን አስቁሙልኝ» ብሏል ይባላል። ከእስር አምልጦ ስፔን በገባ ጊዜም፣ በ1876፣ ለመያዝ ያበቃው መልኩ በናስት ሥዕል መታወቁ ነው።

ይኼን ለመማር ግን ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም። ባጃጅ ያዢና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂጂ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ሁሉም አንጋጦ ያያቸዋል፣ ፎቶ የሚነሡትም እነሱ ናቸው። አንቺ ግድግዳውን እዪ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ቅዱሱ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ አንቺ ያያሉ። ክፉው፣ ወታደሩ፣ ሰቃዩ፣ ይሁዳ፣ በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ከበር ሆኖ አንድ ጊዜ ቢያይ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። ሦስት ሰከንድ አይፈጅበትም። ይኼ በአንድ መስመር የተሰጠ ፍርድ ነው፣ ካርቱን ማለትም ይኸው ነው። በልጅነቴ ቁም ጸሐፊ የነበሩት አጎቴ የመቃ ብዕር ሲቀርጹ፣ ከጥላት የተበጠበጠውን ቀለም ሲነክሩ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ መስመር ሲሳሳትና ሲወፍር ምን እንደሚሆን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ካሪካቸርን፣ መልክን አጋንኖ መሣልን፣ ግን ያስተማሩኝ የሥላሴ ባለ አንድ ዓይኖች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያው የምነግርሽ ሌላ ነገር አለ። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ውስጥ ሥራውን ያሠራው ሰው ራሱ ግርጌ ላይ ተደፍቶ ይታያል። ደቅ ደሴት ላይ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር እንዲህ ተሥለዋል። በጋዜጣ ደግሞ ያሠራው ሰው አይሣልም፤ ግን አለ። ለአንድ ጋዜጣ ከመሥራትሽ በፊት ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማስታወቂያ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ የማይሣለውም ማን እንደሆነ ጠይቂ። ግልጽ መልስ የሚሰጥ አዘጋጅ ብርቅ ነው፤ ካገኘሽው አትልቀቂው።

ሐሳብ እንዴት እንደሚወለድ አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ርዕሱ ውኃ ነው እንበል። ጎንደር ውስጥ በውኃ ያልተማረረ ሰው የለም፤ ከተማው ሲሰፋ የአንገረብ ግድብ በደለል ሲሞላ ኖሯል። መጀመሪያ የሚመጣልሽ ሐሳብ በተርታ የተሰለፈ ቢጫ ጀሪካን ነው። ጣይው፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ለሁሉም ሰው የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ሸረሪት ያደራበት የደረቀ ቧንቧ ይሆናል። እሱንም ጣይ፤ ከአንቺ በፊት ስንቱ ሥሎታል። ሦስተኛው ላይ ቆም በይና ከተማሽን አስቢ። ጎንደር ውስጥ ውኃ በዓመት አንድ ጊዜ ሞልቶ የሚታየው የት ነው? ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ይሞላል፤ ጥር 11 ቀን ካህናቱ ይባርኩታል፣ ሕዝቡ ይረጫል፣ ወጣቱ ዘሎ ይገባበታል። አሁን ሥዪው፦ የተረጨው ውኃ አየር ላይ ነው፤ ሕዝቡ እጁን ዘርግቷል፤ ከመካከል ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኗን ክዳኑን ከፍታ ወደ ላይ አንሥታለች። ጽሑፍ የለውም።

ይኼን ሥዕል ሠርቼዋለሁ። ዋና አዘጋጁ ሲያየው አልሳቀም፤ «በጸበል ልትቀልድ ነው?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ለካህኑ ቦርጭ ሰጥቼዋለሁ፤ እንዲሁ እጄ ለምዶት ነው። አዘጋጁ ጣቱን ቦርጩ ላይ አድርጎ «ይኼ እዚህ ምን ይሠራል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ካህኑ ስለ ቧንቧው ምን አጠፋ? ቦርጩን ደመሰስኩና ካህኑን ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም አድርጌ ሣልኩት። ሴትዮዋንም የሚያስቅ ፊት ነበር የሰጠኋት፤ እሱንም ቀየርኩት፤ ፊቷ ላይ ቀልድ የለም፣ ከልቧ ነው ጀሪካኗን ያነሣችው። ሥዕሉ ሲያልቅ በትሩ የሚያርፈው ሥዕሉ ውስጥ በሌለው ሰው ላይ ሆነ፤ ውኃውን ማድረስ የነበረበት መሥሪያ ቤት። ታተመ። ከአንባቢ የመጣ ቅሬታ አልነበረም፤ ከመሥሪያ ቤቱ ግን ስልክ ተደወለ፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው።

«በትሩ ማን ላይ ነው የሚያርፈው?» ሥዕሉን ከጨረስሽ በኋላ፣ ከመላክሽ በፊት፣ ይኼን ጥያቄ ጮክ ብለሽ ጠይቂ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ልኬ ምን እንደደረሰብኝ ልንገርሽ።

እህል ደብቆ ዋጋ የሚያስወድድ ነጋዴ ሣልኩ። ሆዱን ጆንያ አደረግሁት፣ ከእምብርቱ ጤፍ ይንጠባጠባል፤ በዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ራሱ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ባርኔጣ ደፋሁለት። ባርኔጣው የአንድ አካባቢ ሰዎች በበዓል ቀን የሚያደርጉት ዓይነት ነበር። ተንኮል አልነበረኝም፤ በዚያ ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ ያየሁት ባርኔጣ እጄ ላይ ቀርቶ ነው። ጋዜጣው በወጣ በሁለተኛው ቀን ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ዝግጅት ክፍላችን ድረስ መጡ፤ ያንኑ ባርኔጣ አድርገዋል። «ሠዓሊው ማነው?» አሉ። ተነሣሁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከቀለም ብልቃጡ አጠገብ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይኼ ባርኔጣ ምን ሰረቀ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው እትም ጋዜጣው ይቅርታ ጠየቀ፤ የእኔ ስም ግን ለብዙ ወራት ከዚያ ባርኔጣ ጋር ነበር የሚነሣው።

በእኛ አገር የካርቱኒስት ትልቁ ወጥመድ ይኼ ይመስለኛል፤ ከሹም ቁጣ በላይ እፈራዋለሁ። ጥለት፣ የፀጉር አሠራር፣ የሻሽ አስተሳሰር፣ የባርኔጣ ዓይነት ሁሉ አድራሻ አለው። አንድን ሌባ ስትሥዪ ሳታውቂው አንድ ሕዝብ ልትሥዪ ትችያለሽ፤ አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥዕል የሚያደርሰው ጉዳት በይቅርታ አይመለስም። ከዚያ በኋላ የእኔ ክፉዎች የሚለብሱት ሹመታቸውን ብቻ ነው፦ ክራባት፣ ማኅተም፣ የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር፣ ጥቁር መስታወት ያለው መኪና።

ስለ አደጋው ጠይቀሻል፤ አልደብቅሽም። ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚየ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የድሆችን ገንዘብ በከረጢት በከረጢት የሚውጥ ግዙፍ አድርጎ በመሣሉ እ.ኤ.አ. በ1832 ስድስት ወር ተፈርዶበት ታስሯል። አሳታሚው ሻርል ፊሊፖን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ንጉሡን በሚተች ሌላ ሥዕል ተከስሶ ችሎት ፊት ቆመ። እዚያም የንጉሡን ፊት ደረጃ በደረጃ በአራት ሥዕል ወደ ፒር፣ ከላይ ሾጠጥ ከታች ሰፋ ወዳለው ፍሬ፣ ለውጦ አሳየና የትኛው ላይ ነው ወንጀሉ የጀመረው ብሎ ዳኞቹን ጠየቀ። ተፈረደበት፤ ፓሪስ ግን ግድግዳውን ሁሉ በፒር ሞላው። እ.ኤ.አ. በ1835 የወጣው ሕግ የፖለቲካ ካርቱንን ሲከለክል ዶሚየ ወደ ጠበቆች፣ ዳኞችና ቤት አከራዮች ዞረ። በዕድሜው ወደ 4,000 የሚጠጋ የድንጋይ ህትመት ሥዕል ሠርቶ አልፏል። የፍልስጤሙ ናጂ አል ዓሊ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1987 ለንደን መንገድ ላይ ተተኩሶበት ከሳምንታት በኋላ ሞተ። የሶርያው ዓሊ ፈርዛት እ.ኤ.አ. በ2011 የሚሥልባቸውን እጆች ሰብረውበታል።

በእኛ አገር የግሉ ፕሬስ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው፤ ካርቱንም ከዚያ ወዲህ ነው በየሳምንቱ የገነነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ ደግሞ ጋዜጦቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ የሥዕል ቦታውም አብሮ ተዘጋ፤ አብረውኝ ከሠሩት አንዳንዶቹ ዛሬ የሚሥሉት ከባሕር ማዶ ነው። ሕጉን ዕወቂ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጥን በስም ይጠቅሳል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለፖለቲካ ትችትና ለሥነ ጥበብ ፈጠራ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ወረቀቱ ላይ ያለውና ስልክ የሚደውልልሽ ሰው ስሜት ሁልጊዜ አንድ አይሆንም፤ ቢሆንም አንቀጹን በቃልሽ መያዝ ድምፅሽን ያረጋጋልሻል።

የጎንደርን አደጋ ግን ሕግ አይጽፈውም። ከተማችን ትንሽ ናት። የሣልሽው ሹም እኅት ከእናትሽ ጋር ማኅበር ትጠጣለች። ስለዚህ ወንበሩን ሥዪ፤ የተቀመጠበት ሰው ሲቀየር ሥዕልሽ እንዳይሞት እግረ መንገዱን ይጠቅምሻል። ሰውየውን ከሣልሽ ደግሞ በሥራው ሥዪው፤ ቤተሰቡን፣ ሕመሙን፣ አካል ጉዳቱን አትንኪ። ጥይት በሚተኮስበት ሰሞን እኔ ሠርቼ መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኳቸው ሥዕሎች አሉ። ጊዜው ሲያልፍ አውጥቼ ሳያቸው ግማሾቹ ባለመታተማቸው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ በቀሩት ይቆጨኛል።

ስለ ትምህርት ቤቱ። አዲስ አበባ ያለው፣ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ታላላቅ ሠዓሊዎችን አፍርቷል፤ ብትገቢበት እጅሽ ይጠነክራል። ባትገቢም ግን በሩ አይዘጋም። ሕንዳዊው አር. ኬ. ላክስማን በቦምቤይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አንቀበልህም ተብሏል፤ ከዚያ በ«ታይምስ ኦፍ ኢንዲያ» ላይ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ለዐሥርታት የሕንድ ተራ ሰው ምልክት የሆነውን ባለ ካሬ ኮት ሽማግሌ ሲሥል ኖረ። ታንዛኒያዊው ጋዶ አርክቴክቸር ጀምሮ ትቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1992 ናይሮቢ «ኔሽን» ጋዜጣ የገባው።

የሒሳብ ትምህርትሽ ይጠቅምሻል ያልኩበትን ምክንያት አሁን ልንገርሽ። ካርቱኒስት የሚደርቀው እጁ ሲደክም አይደለም፤ ማንበብ ሲያቆም ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ደንብ የጣሰ ግዥ፣ ሁሉም እዚያ አለ። እኔ ከዚያ ሪፖርት ላይ አንድ አረፍተ ነገር ለመረዳት የሒሳብ አዋቂ ጎረቤቴን ቡና እየጋበዝሁ ነበር የምለምነው። አንቺ ቁጥሩን አንብበሽ «ውዝፍ» የሚለውን ቃል ወደ አንድ ምስል መለወጥ ትችያለሽ፤ ይኼን የሚችል ካርቱኒስት እስከ አሁን አልገጠመኝም። ከዚያ ውጭ ቅዳሜ ገበያ ውረጂና የጤፍ፣ የሽንኩርት፣ የዘይት ዋጋ በየሳምንቱ በደብተር ጻፊ። ስለ ዋጋ የሚናገሩት ሹምና ደብተርሽ ሲጋጩ ሥዕሉ ራሱ ይመጣልሻል። አዝማሪውንም አድምጪ፤ ፊት ለፊት ጌታውን እያወደሰ ወርቁን ለሌላው አድማጭ የሚወረውርበት መንገድ ለእኛ ትምህርት ቤት ነው።

መሣሪያው ብዙ አያናግርም። እኔ በቻይና ቀለምና በቀጭን ብሩሽ ነው የኖርኩት፤ አንቺ በታብሌት ሥሪ፣ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ከጋዜጣ ወረቀት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ግን ዕወቂ፦ ወረቀቱ ቀለም ይጠጣል። ቀጭን መስመር ይጠፋል፣ የተጠጋጋ ጭረት ተዋህዶ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ከሚታተምበት መጠን እጥፍ አድርገሽ ሥዪ፣ መስመርሽን አወፍሪ፣ ነጭ ቦታ ተይ። አሁን አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ ስለሆነ እኔ ያለቀውን ሥዕል የክብሪት ቀፎ እስኪያህል አሳንሼ አየዋለሁ። በዚያ መጠን ካልተነበበ እንደገና እሠራለሁ።

ዝም ብሎ የሚያይ አንድ ሰውም ፈልጊ። የላክስማን ሽማግሌ አንድም ቃል አይናገርም። ናጂ አል ዓሊ ሐንዞላ የሚባል የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረው፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ የሚሆነውን ያያል። እንዲህ ያለ ምስክር አንባቢውን በሥዕልሽ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል። የአንቺ ማን እንደሚሆን እኔ አልመርጥልሽም። በእኔ ግን ቢሆን ፒያሳ ጠርዝ ላይ የሰው መመዘኛ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ ነበር የምወስደው፤ በፊቱ የሚያልፈው ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ለማኝ፣ አንድ ቀን እሚዛኑ ላይ ይወጣል። ከወደድሽው ውሰጂው፤ እኔ ሳልጠቀምበት አረጀሁ።

አሁን ስለ አጀማመሩ። ለሠላሳ ቀን በየቀኑ አንድ ሥዕል ሥሪ፤ ሐሳብ ባይመጣም ሥሪ፣ ጋዜጣ ሐሳብ እስኪመጣልሽ አይጠብቅም። ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፊ። በወሩ መጨረሻ ስምንቱን ምረጪ፤ ከስምንቱ ሁለቱ ስለ ጎንደር ወይም ስለ አካባቢዋ ይሁኑ፤ አዲስ አበባ ያለ ካርቱኒስት የማያየውን ስለምታዪ አዘጋጁ አንቺን የሚፈልግበት ምክንያት እሱ ነው። ባሕር ዳር የሚዘጋጀውን «በኵር»ን፣ ከአዲስ አበባ «ሪፖርተር»ን አንብቢ፤ የሥዕላቸውን መጠንና ጠባይ ሳታውቂ አትላኪ። ከላክሽ በኋላ በሳምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ደውዪ። ሲቀበሉሽ ደግሞ የመዝጊያ ሰዓታቸውን ጠይቂና ሁለት ሰዓት ቀድመሽ አድርሺ። ጎንደር መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይጠፋል፤ አዘጋጅ ግን ምክንያት አያትምም። እኔ ከእኔ የተሻለ እጅ ያላቸው ሦስት ልጆች በሰዓት ጉዳይ ብቻ ከጋዜጣ ሲሰናበቱ አይቻለሁ።

ውል በጽሑፍ ይሁን። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ይሆናል። «ሥዕሉን በመጽሐፍና በኤግዚቢሽን የመጠቀም መብት የሠዓሊዋ ነው» የምትል አንዲት መስመር አስገቢ። እኔ ሳላስገባ ፈርሜ የሠራኋቸውን ሥዕሎች ዓመታት ቆይቶ በሰው ካሌንደር ላይ አግኝቻቸዋለሁ፤ ካሌንደሩን የገዛሁት በገንዘቤ ነው።

ወደ አባትሽ ልመለስ። አትከራከሪያቸው። ከሠላሳዎቹ መካከል ስለሚያውቁት ነገር የሆነውን፣ የጡረታ ሰልፍም ይሁን የማዳበሪያ ዋጋ፣ ጽሑፍ የሌለበትን አንዱን ምረጪ። ቡና ሲፈላ ምንም ሳትናገሪ ረከቦቱ አጠገብ ተይውና ፊታቸውን እያየሽ በልብሽ ቁጠሪ።